የአባ አህመዲን መልስ

አባ አህመዲን ስልክ ፊት ከመቀመጣቸው በፊት ጥምጣማቸውን ያስተካክሉ ነበር። ከዚያ ጉሮሯቸውን ይጠርጉና፣ ልጃቸው ከወንዙ ማዶ የቆመች ይመስል፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው መጣራት ነው። «ኡሚ፣ ገብሱ ደህና ነው። ጊደሯም ደህና ናት። እኔም ደህና ነኝ።» ሁልጊዜ በዚህ ቅደም ተከተል። የልጅ ልጃቸው ዙሀራ መጮህ እንደማያስፈልግ፣ እናቷ ሪያድ ሆና ሹክሹክታውንም አጥርታ እንደምትሰማ ስንት ጊዜ ነግራቸዋለች። ሽማግሌው ግን ሹክሹክታ ባሕር ይሻገራል የሚለውን ወሬ ጨርሶ አልተቀበሉትም፤ እንደጮሁ ኖሩ።

መካነ ሰላም ዳር ባለው ቤት የቀሩት አያትና የልጅ ልጅ ብቻ ነበሩ። የዙሀራ አባት ወግዲ ወረዳ ሄዶ ሌላ ትዳር ይዞ እዚያው ቀልጦ ቀርቷል። እናቷ ኡምኩልሱም ዐረብ አገር የሄደችው ዙሀራ ገና ፊደል ስትቆጥር ነው። አንዱ ውል ሲያልቅ ሌላ እየጨመረች ልጇን በስልክ አሳደገቻት ቢባል ማጋነን አይሆንም። ዙሀራ ዐሥራ አምስት ዓመት ሲሞላት፣ ካሜራው ጥሩ የሆነ ስልክ ከተመላሽ ሰው ጋር ላከችላት። አብሮ የመጣው ትእዛዝ አጭር ነበር፤ የምታዪውን ሁሉ እየቀረጽሽ ላኪልኝ።

መጀመሪያ አካባቢ የምትልከው ሁሉ ለዓይን የሚያስቸግር ነበር። እየሮጠች ስለምትቀርጽ ሰማዩና መሬቱ ይገለባበጣል፤ ኡምኩልሱም ራሴን አዞረኝ እያለች ትስቃለች። ልጅቷ የተፈለገው ያማረ ነገር መስሏት ዒድ ሲመጣ አዲስ ልብስ፣ ሠርግ ሲኖር ሙሽራ ታሳድድ ነበር። እናቷ ግን እነዚህን ቶሎ ታልፋቸዋለች። መላልሳ የምታየው ሌላውን ነው፤ አባ ከበሬው ጋር ሲጨቃጨቁ፣ የጎረቤት ዶሮ በአጥር ስትሾልክ፣ ደመናው ሲጠቁር ሰው ሁሉ የተሰጣ እህሉን ለመሰብሰብ ሲራወጥ። ዙሀራ ይሄን ስትረዳ መሮጡን ተወች። አንድ ቦታ ቆማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ ነገሩ ራሱ እስኪመጣላት መጠበቅ ለመደች። እንዲህ የሚጠብቅ ዓይን ደግሞ ያላሰበውን ሁሉ ያያል። አባ ሲዋሹ ግራ ጆሯቸውን እንደሚያሹ ያወቀችው በስልኩ ነው። በረዶ እርሻውን በመታበት ክረምት «ገብሱ ደህና ነው» ሲሉ ጆሯቸው በርበሬ እስኪመስል አሽተውት ነበር።

ትምህርት ቤት ውስጥ ይሄ ሥራዋ አላስወደዳትም። እኩዮቿ ሲጨፍሩ፣ ከንፈራቸውን ከዘፈን ጋር ሲያንቀሳቅሱ ነው የሚቀራረጹት። እሷ ግን ስልኳን ደግና የአህያ ጭነት ሲፈታ ስታይ ትውላለች። «የኩበት ጋዜጠኛ» ብለው ስም አወጡላት። እሷም ስቃ አለፈችው፤ ግን ከዚያ ወዲህ ለብቻዋ መሄድ አበዛች። የሚያጽናናት ሪያድ ያሉት ሴቶች ነበሩ። ኡምኩልሱም አርብ አርብ ከሰዓት መዳሟ ስታስወጣት የአገሯ ሴቶች ተዋጥተው የተከራዩት አንድ ክፍል አለ፤ እዚያ ትሄድና የልጇን ቪዲዮ ታሳያቸዋለች። ከመካከላቸው በዕድሜ ትልቋ ብርሀንነሽ የምትባል የመካነ ሰላም ክርስቲያን ነች። እሷም የእናቷን ግቢ ቀርጻ እንድትልክላት ዙሀራን በራሷ ስልክ ለመነቻት። ዙሀራ ሄዳ፣ አሮጊቷ በር ላይ ተቀምጠው ምስር ሲለቅሙ ሳትነካካ ቀርጻ ላከችላት። ብርሀንነሽ በድምፅ የመለሰችው ምርቃትና ለቅሶ የተቀላቀለበት ነበር።

አባ አህመዲን የሞቱት በጥቅምት ነው፤ ሳይታመሙ፣ ሰው ሳያስቸግሩ። ዙሀራ ጎሕ ሲቀድ ለሱብሒ ሰላት የሚታጠቡበትን የውዱእ ውሃ ይዛ ስትገባ አልተነሱም። «አባ» አለች። ደግማ ጠራች። እጃቸውን ስትነካው ማንም ሳይነግራት አወቀች። ውሃው እንዳይደፋ ጥግ አስይዛ አስቀመጠችውና፣ ሳትሮጥ፣ ጎረቤት ያለው አጎቷ አሕመድኑር ደጅ ሄዳ ቆመች። አሕመድኑር የኡምኩልሱም ታላቅ ወንድም ነው። ፊቷን አይቶ ምንም ሳይጠይቃት አልፏት ሮጠ።

የከሰዓቱ አስር ሰላት ሳይደርስ ተቀበሩ። ሴት ቀብር ስለማትወርድ ዙሀራ ከአጥሩ ጥግ ሆና፣ ቃሬዛውን ተሸክመው ቁልቁል የሚወርዱትን ወንዶች ጀርባ ቀረጸች። ለምን እንደቀረጸች ለራሷም አልገባትም። ዕንባ አልመጣላትም። ሴቶቹ ደንግጣ ነው፣ ይወጣላታል ተባባሉ። አልወጣላትም። ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ምንጣፍ ስትዘረጋ፣ ውሃ ስታቀርብ ዋለች።

በዚያ አገር መርዶ ለብቸኛ ሰው አይነገርም። ሽማግሎች ይመረጣሉ፣ ጎረቤት ይጠራል፣ ሰውየው እህል መቅመሱ ይረጋገጣል፣ ቢወድቅ የሚይዘው ሰው ግራና ቀኝ ይቀመጣል፤ ከዚያ ነው የሚነገረው። ዐረብ አገር ያለች ሴት ደግሞ ከሁሉ የባሰች ብቸኛ ናት። ስለዚህ በየቤቱ ስንቱ ሞቶ፣ ተቀብሮ፣ ሰደቃው ወጥቶለት፣ ዐረብ አገር ላለችው ልጁ ግን ገና በሕይወት አለ። አገሯ ስትገባ ይነገራታል ተብሎ ይቆያል። አባ አህመዲንም እንዲሁ እንዲቆዩ ተወሰነ። እህቴ በሰው ቤት ደረጃ ስታጥብ ይሄን ሰምታ ብትወድቅ ውሃ የሚረጫት ማን ነው ሲል አሕመድኑር ጠየቀ።

ከዚያ ወደ ዙሀራ ዞረ። «ያንቺ ስልክ ሙሉ ነው፣ ልጄ። ካለሽ ላይ እየቆነጠርሽ ላኪላት። ይሄን ካንቺ በቀር የሚችል የለም» አላት። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም። እህቱን ይወዳታል፤ ሲናገርም ዓይኑ ደም መስሎ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር ለአንዲት የዐሥረኛ ክፍል ተማሪ እንደሚከብድ ግን ለማንም ትዝ አላለውም።

ዙሀራ አጎቷ ቤት ታድር ጀመር። እናቷ የምታውቀው ግድግዳ ከጀርባዋ እንዲታይ ግን ለመደወል ወደ ባዶው ቤት ትመለሳለች። ቁልፉን ትከፍታለች፣ መደቡን ታራግፋለች፣ ሰው ያለበት እንዲመስል ጋቢያቸውን ጫፉ ላይ ጣል ታደርጋለች፤ ከዚያ ኢሞ ከፍታ ትደውላለች። አባስ ሲባል መስጊድ ሄዱ። አባስ ሲባል ገበያ ወረዱ። አንድ ጊዜ አቀስታ ከተማ የዘመድ ለቅሶ ሊደርሱ ሄደው እዚያው አደሩ። በሕይወት ሳሉ ከግቢ መውጣት የሚታክታቸው ሰው ከሞቱ በኋላ አገር ለአገር የሚዞሩ ሆኑ። ኡምኩልሱም አባቷ ጉልበት አገኙ ብላ አላህን ታመሰግናለች። በማግስቱ ደግሞ ዙሀራ ከድሮው አንዱን መርጣ ትልክላታለች፤ አባ ሞፈር ሲጠርቡ፣ አባ ሲስቁ። እያንዳንዱን ከመላኳ በፊት እስከ መጨረሻው ማየት ነበረባት። ሰው ሞቶበት በየቀኑ ሳቁን መርጦ መላክ ምን እንደሚመስል ያላየው አያውቀውም፤ ስልኩን ስትዘጋ የቤቱ ዝምታ ጆሮዋ ላይ ይጮህባታል።

ታኅሣሥ ላይ ተሳሳተች። የላከችው ቪዲዮ አባ እርሻው ዳር ተቀምጠው እሸት ሲጠብሱ የሚያሳይ ነበር። ኡምኩልሱም ገበሬ ያሳደጋት ሴት ናት፤ ከአባቷ ፊት ይልቅ ከጀርባቸው ያለውን አየች። ገብሱ በታኅሣሥ እንዴት እሸት ሆነ አለች፤ አውድማ የሚገባበት ጊዜ አይደለም ወይ። ዙሀራ ዘንድሮ ዝናቡ ስለዘገየ ዘግይቶ ነው የተዘራው አለቻት። እናቷ ለገበሬው ሁሉ አዘነች። ዱዓ አደርጋለሁ አለች፤ ላልዘገየው ዝናብ። ዙሀራ ያን ዕለት እራት አልበላም ብላ ተኛች።

ጥር ሲገባ ደግሞ ዋናው ነገር መጣ። የኡምኩልሱም ውል ሊያልቅ ነው። መዳሟ ሁለት ዓመት እንድትጨምር ትፈልጋለች፤ እሷ ደግሞ ልቧ ሁለት ቦታ ሆኗል። ሰው አማክራ አማክራ ሲደክማት የመጨረሻውን ቃል ለአባቷ ሰጠች። «ከአባ አፍ መስማት እፈልጋለሁ፣ ዙሁ። ቆዪ ካሉኝ እቆያለሁ፤ ነይ ካሉኝ እመጣለሁ። ቅረጪና ላኪልኝ። ደግሞ እንዳታስጠኚያቸው፤ በራሳቸው ቃል ይሁን።»

አሕመድኑር ይሄን ሲሰማ ብዙም አልተጨነቀም። ከድሮው ውስጥ የሚሆን አይጠፋም አለ፤ ደግሞም አልጠፋም። አባ ባለፈው ዓመት ጥምጣማቸውን አስተካክለው፣ «አብሽሪ ኡሚ፣ እኛ ደህና ነን፣ ሥራሽን ሥሪ» ብለው የጮሁበት አለ። እሱን ላኪላት፣ ሁለት ዓመት ምን አላት፣ እስከዚያ ሐዘኑም ይቀልላታል አላት አጎቷ። ዙሀራ እሺ ብላ ወጣች። እሺ ያለችው ግን በአፏ ነው። እናቷን ትፈልጋለች። የምትፈልገው በስልክ የምትመጣውን ፊት አይደለም። ጠዋት ስትነሳ ቤት ውስጥ የምትንጎዳጎድ፣ ሻይ ያፈላች፣ ለምን አረፈድሽ ብላ የምትቆጣ እናት ነው የምትፈልገው። ይሄን ለማንም ተናግራው አታውቅም፤ የሚጠይቃትም አልነበረም።

ባዶው ቤት ገብታ በሩን ዘጋችና ስትፈልግ፣ አንድ የረሳችው አገኘች። መስከረም ላይ፣ ሊመሽ ሲል፣ ጭጋግ ሜዳውን ሲሸፍነው እየቀረጸች ቆይታለች። አባ በሩ ላይ ይወጣሉ፤ ጥምጣም የለም፣ መላጣቸው ይታያል። «ነይ በቃሽ፣ ልጄ» ይላሉ። «ብርድ ነው። ነይ፣ ቤትሽ ግቢ።» ከዚያ ቪዲዮው ያልቃል። ዙሀራ ከፊቱ ያለውን ጭጋግ ቆርጣ ስታወጣው የቀረው አንድ ሽማግሌ ነው፤ በር ላይ ቆሞ ልጁን ወደ ቤቷ የሚጠራ። ስም አልጠራም። ማንም አይጠረጥርም። ይሄን ብትልከው እናቷ ወሩ ሳያልቅ ትመጣለች።

ጣቷ መላኪያው ላይ ደርሶ ነበር። አንዴ ልየው ብላ ደግማ ከፈተችው፤ ያን ጊዜ ነው ድምፃቸውን የሰማችው። አልጮሁም። በቀስታ ነው የተናገሩት፣ ሰው አጠገቡ ላለ ሰው እንደሚናገረው። በስልኩ ውስጥ ካሉት ሁሉ አባ ለኡሚ ሳይሆን ለእሷ፣ ለዙሀራ የተናገሩበት ይሄ አንዱ ብቻ ነበር። ሌላው ሁሉ የእናቷ ነው፤ ይሄ የራሷ። ይሄንንም ሰጥታ ባዶ እጇን ልትቀር ነው። በዚያ ላይ እናቷ ለአባቷ ነጭ ጥምጣም ገዝታ፣ መንገዱን ሁሉ እየሳቀች ስትመጣ ታያት። ግቢው በሰው ተሞልቶ ይጠብቃታል። አንዱ ደግሞ በእርግጠኝነት «ዙሀራ፣ ስትገባ ቅረጫት» ይላል።

አላደርገውም አለች፣ ጮክ ብላ። ቤቱ ውስጥ የሰማት የለም።

ለብዙ ጊዜ ተቀምጣ አሰበች፤ ስታስብም አንድ ነገር ገባት። ሽማግሎቹ የፈሩት ርቀቱን አልነበረም፤ ብቸኝነቱን ነው። እናቷ አጠገብ ሰው ካለ መርዶው ሪያድም ላይ ሊነገር ይችላል። ለብርሀንነሽ ደውላ የአባን መሞት ነገረቻት። እትዬ ብርሀንነሽ ይሄን ለትልልቅ ሰዎች ተይው ብላ ልትሸሽ ሞከረች፤ ዙሀራ ግን ረጋ ብላ አስረዳቻት። ትልልቆቹ ወስነው ጨርሰዋል፣ እማ ግን በሞተ ሰው ቃል ሁለት ዓመት ልትጨምር ነው። እባክዎን፣ አርብ የአገራችን ሴቶች ሁሉ ይሁኑ። መጀመሪያ ምሳዋን ትብላ። ሁለት ሰው ከጎኗ ይቀመጥ። ከዚያ እኔ እደውላለሁ። ብርሀንነሽ እሺ አለች።

አጎቷንም አልደበቀችውም። አሕመድኑር ሰምቶ ሲያበቃ እንደፈራችው አልጮኸባትም፤ ያ ይሻላት ነበር። «አንድ ነገር ብትሆን በእጅሽ ናት» ብቻ ብሎ ፊቱን አዞረ። አርብ ከጁምዓ መልስ በደጇ አለፈ። በሩ ክፍት ነበር፤ አልገባም።

ስትደውል ብርሀንነሽ ነች ያነሳችው። ክፍሉ በሴት ሞልቷል፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ነጠላውን አዘቅዝቋል። ኡምኩልሱም መሃል ተቀምጣ አንዷን ስታይ፣ ሌላዋን ስታይ፣ ገና ሳይነገራት ፊቷ አመድ መስሏል። ብርሀንነሽ ትከሻዋን ይዛ የሚባለውን አለች፤ የሁላችንም መንገድ ነው፣ አባትሽ ዕድሜ ጠግበው፣ ሳይንገላቱ ሄዱ። ኡምኩልሱም አልሰማሁም ለማለት እንደሚፈልግ ሰው ጭንቅላቷን ነቀነቀች። ከዚያ «አባዬ» ብላ ስትወድቅ የያዟት እጆች ስንት እንደሆኑ ዙሀራ መቁጠር አልቻለችም። ውሃ ተረጨላት፣ ደረቷን እንዳትመታ እጇ ተያዘ፣ አንዷ ከኋላዋ ሆና አቀፈቻት። ዙሀራ ስልኩን ሳታወርድ አየች። ከሽማግሎቹ ይበልጥ ፈርታ ነበር፤ እናቷን ግን ስታለቅስ እንጂ ስትሞት አላየቻትም።

ብዙ ቆይቶ ኡምኩልሱም ስልኩን ተቀበለች። ዓይኗ አብጧል።

«መቼ ነው?»

«ጥቅምት ላይ።»

«ያ እሸት…»

«የመስከረም ነው፣ እማ።»

ያን ጊዜ ተቆጣች። መስጊድ ሄዱ ስትዪኝ፣ አቀስታ አደሩ ስትዪኝ፣ እኔ ለአቀስታው ብርድ ስሰጋ፣ አለች። ላልዘገየ ዝናብ ዱዓ ሳደርግ። ዙሀራ አጎቴ ነው ያዘዘኝ አላለችም። አዎ፣ ዋሸሁሽ አለች። ነይ ብለው የሚጠሩሽ ላስመስልም ነበር፤ አልሆነልኝም። የመጣው ይምጣ ብዬ ነው የነገርኩሽ። ኡምኩልሱም ይሄን ስትሰማ ቁጣው አፏ ላይ ቀረ። ውሌን አልጨምርም አለች በቀስታ፤ ለመዳሟ ሳይሆን ለራሷ እንደምትናገር። ከዚያ የልጇን ፊት አየች፤ ከእንባ ደርቆ የቆየውን ፊት።

«እኔን ይሄ ሁሉ ሰው ከቦ ነገረኝ» አለች። «አንቺን ማን ነገረሽ?»

«ማንም። የውዱእ ውሃ ይዤ ስገባ እኔ ነኝ ያገኘኋቸው።»

«ለብቻሽ?»

«ለብቻዬ።»

«አሁንስ ማን አለ አጠገብሽ? ስልኩን አዙሪና አሳዪኝ።»

ዙሀራ ስልኩን በቀስታ አዞረች፤ መደቡን፣ ምሰሶውን፣ የተከፈተውን በር፣ በሩ ላይ የወደቀውን የከሰዓት ፀሐይ አሳየቻት። ዞሮ ራሷ ላይ ደረሰ። ከዚያ ኡምኩልሱም ለብርሀንነሽ ስልኩን ያዢልኝ፣ እንዳይቋረጥ ስትላት ተሰማ።

«በይ፣ አሁን አንቺ አልቅሺ፣ ዙሁ» አለቻት። «እኔ አለሁ። አልዘጋውም።»

ዙሀራ ደህና ነኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሌላ ነበር። ከጥቅምት ጀምሮ ያልመጣው ለቅሶ በአንድ ጊዜ መጣ፤ መደቡ ላይ ተደፍታ፣ ስልኩን አጠገቧ አስደግፋ፣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። እናቷ ከዚያ ማዶ ስሟን እየጠራች ቆየች፤ ከኋላዋ አንድ ክፍል ሙሉ ሴት ጠበቃት።